የሰፈር ድንጋይ፣ የምክር ቤት ብር

በበጋ ደቻቱን ለመሻገር ድልድይ አያስፈልግም። ወንዙ አሸዋ ነው፤ ያውም ጫማ የሚውጥ አሸዋ። ከከዚራ በኩል የወረደ ሰው ኳስ የሚጠልዙትን ልጆች ዞሮ፣ ከገጠር ጭነው ለገቡት ግመሎች ገለል ብሎ መንገድ ለቆ፣ በማዶው ወደ ቀፊራ ገበያ ይወጣል። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ፀሐዩ አናት መብሳት ጀምሯል። ከቀፊራ ቅስት በሮች ሥር የተቀመጠች የሎሚ ነጋዴ በኦሮምኛ ትጣራለች፣ ዋጋውን በሶማሊኛ ትናገራለች፣ ክርክሩን በአማርኛ ትጨርሳለች። "አንቱ" የምትለው ሰው የለም። ድሬዳዋ ላይ ሽማግሌውም፣ ሹሙም፣ እንግዳውም "አንተ" ነው። "አቦ" ከተጨመረበት ደግሞ ወዳጅነት ተጀመረ ማለት ነው።

ይኸው አሸዋ ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ ሌላ ነገር ሆኖ አደረ። በሐረርጌ ደጋ ላይ የወረደው ዝናብ ሸለቆውን ይዞ ሲወርድ ሰው እንቅልፍ ላይ ነበር። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ 10 ሺህ ገደማ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ጎርፉ ግድግዳ ብቻ አልነበረም የወሰደው፤ የአንዳንዱን ቤት ሙሉ ቤተሰብ ነው። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳርና ዳር በሽቦ የታሰረ ድንጋይና የድጋፍ ግንብ ተሠርቷል፣ በላይኛው ተፋሰስም የውኃውን ጉልበት የሚሰብሩ እርከኖች ተሠርተዋል። የከተማ ምክር ቤት ውሳኔ አብዛኛውን ጊዜ ቃለ ጉባኤ ላይ የሚቀር ወረቀት ነው። ደቻቱ ዳር ግን እጅ የሚነካው ነገር ነው። ግንቡ ምን ያህል ከፍ ይበል፣ ከየት ይጀምር፣ የትኛው ሰፈር ከግንቡ ውስጥ የትኛው ከውጭ ይሁን የሚለው ጥያቄ የምህንድስና ብቻ ሳይሆን የበጀትም ጥያቄ ነበር። ለአንዱ ሰፈር የተመደበ ብር ከሌላው ሰፈር የተቀነሰ ብር ነውና።

ይህ ጽሑፍ ስለዚህ ብር ነው። የድሬን መንገድ፣ ጥላ፣ ሜዳና ቅርስ ማን ይከፍልላታል? ማንስ ይወስንላታል?

ድሬዳዋን ንጉሥ መናገሻ ላድርጋት ብሎ አልቆረቆራትም። በአፄ ምኒልክ ፈቃድ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐረር መግባት ነበረበት፤ ተራራው እምቢ አለ። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ሐዲዱ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከተራራው ግርጌ ቆመ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ቦታውን "አዲስ ሐረር" አሉት። ስሙ አልጸናም፤ ከተማው ግን ጸና። አዲስ አበባ ባቡር ያየችው ከዚያ ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1909 መሆኑን የድሬ ሰው ዛሬም ሳይጠየቅ ይነግራችኋል።

የባቡር ኩባንያው ከዚራን በማስመሪያ አስምሮ ሠራት። ቀጥ ያለ ጎዳና፣ መንገድ ዳር ዛፍ፣ ለሠራተኛ ቤት፣ ክበብ። ከደቻቱ ማዶ መጋላ ግን እንደየሰዉ አገባብ፣ በእግር ጥርጊያ አደገች። ስማቸው ራሱ ይናገራል፦ ከዚራ ከዐረብኛው "ደሴት" የመጣ ቃል ነው፣ መጋላ በሶማሊኛም በኦሮምኛም "ከተማ" ማለት ነው። ደሴቱ የኩባንያው፣ ከተማው የሕዝቡ ሆኖ ኖረ። ከዚራን ያሳመረው ጥላም ቢሆን በምክር ቤት ድምፅ የመጣ አይደለም። አበባው ሲፈነዳ እሳት የሚመስለውን፣ በሌላው የአገራችን ክፍል "የድሬዳዋ ዛፍ" የሚባለውን ዛፍ እዩ፤ ትውልዱ ማዳጋስካር ነው። በሐዲድና በመርከብ ዘመን መጥቶ የከተማዋን ስም ወረሰ።

ከኩባንያው ቀጥሎ ፋብሪካዎቹ መጡ፣ ሲሚንቶውና ጨርቃ ጨርቁ። እነሱም ደሞዝ ብቻ አልነበረም የሚሰጡት፤ ክበብ ነበራቸው፣ የኳስ ቡድን ነበራቸው። የጥጥ ፋብሪካው ቡድን 5 ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። በጥር 1954 ኢትዮጵያ የተባበሩት ዐረብ ሪፐብሊክን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሣ፣ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ የዚሁ የድሬዳዋ ቡድን ተጫዋች ነበር። ከሥር ደግሞ እድሩና አፎቻው ነበሩ። አፎቻ ሐረርና ድሬ ላይ ሐዘንና ደስታን የሚሸከም የሙስሊሙ ማኅበር ነው፤ ሞት ሲመጣ ሬሳውን፣ ሠርግ ሲመጣ ድግሱን ይሸከማል። ገንዘብ አዋጥቶ፣ መዝግቦ፣ ተቆጣጥሮ ማዋልን የድሬ ሰው የተማረው ከማዘጋጃ ቤት አይደለም፤ ከነዚህ ማኅበራት ነው።

ስለዚህ የዛሬው ምክር ቤት ወራሽ ነው። ኩባንያው የለም፣ ፋብሪካው የቀድሞ ጉልበቱ የለውም፣ መንገዱም ዛፉም ሜዳውም ወደ ምክር ቤቱ ደጃፍ መጥተዋል።

ወራሹ የቆመበት መሬት ግን የተለየ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ክልሎችን በስም ዘርዝሯል፣ ለአዲስ አበባም አንቀጽ 49ን ሰጥቷል። ድሬዳዋ የሚል ቃል የለበትም። ኦሮሚያም ሶማሌም "የኔ ናት" ስላሉ በሽግግሩ ዘመን በማዕከላዊ መንግሥት እጅ ገባች፤ ለጊዜው የተባለው እያደር ቋሚ ሆነ። የከተማ አስተዳደሩ ዛሬ የቆመው በቻርተሩ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ነው። ከፌዴራል መንግሥት ድጎማም ታገኛለች፤ በዚህ ከአዲስ አበባ ትለያለች። ወንበር የሚከፋፈለውም ለረጅም ጊዜ 40-40-20 በሚባለው ቀመር ነበር፦ 40 ለኦሮሞው ፓርቲ፣ 40 ለሶማሌው፣ 20 ለተቀሩት። ከ2010ሩ ለውጥ በኋላ የከተማዋ ወጣቶች አደባባይ ወጥተው ከጮኹባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ቀመር ነው።

ለአንድ ሰፈር ነዋሪ ይህ ሁሉ ምኑ ነው? ብዙ ነው። ሥልጣን በድርሻ ሲታደል አገልግሎቱንም በድርሻ ማየት ይመጣል። የወጣት ማዕከል "የት ይሠራ?" የሚለው ጥያቄ ሳይታወቅ "ለማን ይሠራ?" ይሆናል። በዚያ ላይ አስተዳደሩ ከተማ ብቻ አይደለም። በ1999ኙ ቆጠራ ከተመዘገበው 341,834 ሕዝብ ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ የሚሆነው የገጠር ነዋሪ ነበር። በከተማው 9 ቀበሌ፣ በገጠሩ 38 ቀበሌ ማለት ምክር ቤቱ በአንድ ስብሰባ ላይ የከዚራን የመንገድ መብራትና የገጠሩን የምንጭ ውኃ ሚዛን ላይ ያስቀምጣል ማለት ነው። ከተሜው መብራቱ ሲዘገይበት ያማርራል። ምንጩ የዘገየበት ግን ለማማረርም ግማሽ ቀን መጓዝ አለበት።

አሁን ወደ ድንጋዩ ልምጣ፤ የልቤ ጉዳይ እዚህ ነው።

ዛሬ በየከተማው የምንረግጠው ኮብልስቶን ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዷ ድሬዳዋ ናት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ጂቲዜድ ይባል የነበረው የጀርመን የትብብር ድርጅት ከከተማው ጋር ሆኖ ወጣቶችን ድንጋይ መፍለጥ፣ መጥረብና ማንጠፍ ማሠልጠን ጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ አስፋልት ሬንጅና ከባድ ማሽን ይፈልጋል፣ ድንጋይ ግን ተራራው ላይ አለ፣ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ደግሞ ከድንጋዩ ይበዛል። ኋላ በመላ አገሪቱ "ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን" የሚል ቀልድና ምሬት የወለደው ሥራ፣ ሲጀመር በእጅ ሙያነቱ የተከበረ ነበር።

ጠራቢው እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ጥቂት ነው። ከላስቲክ ወይም ከማዳበሪያ በተሠራች ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ያለ ጥላ በድሬ ፀሐይ ድንጋዩም ብረቱም አይያዝም። ትልቁን ድንጋይ በግራ እጁ ያገላብጠዋል፣ ሥሩን ይፈልጋል። ድንጋይ እንደ እንጨት ስንጥቁ የሚሄድበት አቅጣጫ አለው። ሥሩ ከተገኘ ሁለት ምት ይበቃዋል፣ ካልተገኘ ዐሥር ምትም ፍርስራሽ ብቻ ያተርፋል። ስድስት ጎኑ የተስተካከለ፣ መዳፍ የሚሞላ ድንጋይ ሲወጣ ወደ ጎን ይጥለዋል። ክፍያው በቁጥር ስለሆነ ከንፈሩ ሳይንቀሳቀስ ይቆጥራል። አንጣፊው ደግሞ በተደለደለ አሸዋ ላይ ክር ወጥሮ፣ ተንበርክኮ፣ ድንጋዩን ከድንጋይ አስጠግቶ በጎማ መዶሻ ይመታዋል። በመሀል ክፍተት ከተወ የመጀመሪያው ክረምት ያጋልጠዋል።

ይህ የሙያው ወገን ነው። የገንዘቡ ወገን ከዚህ ይበልጥ ያስገርማል። በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን የተነጠፈው መንግሥትና ነዋሪው ገንዘብ አጋጥመው ነው። ሰፈሩ ኮሚቴ ይመርጣል፤ ኮሚቴው መዝገብና ደረሰኝ ይዞ በር ያንኳኳል፣ የሰፈሩ ድርሻ ባንክ ሲገባ አስተዳደሩ የራሱን ይጨምራል። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚለው ተረት ያልተጠቀሰበት የኮብልስቶን ስብሰባ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ተረቱ የማይነግረን ግን አንዱ ሰው አንድ ሎሚ፣ ሌላው ሦስት ሎሚ እንዲሸከም ማን እንደሚወስን ነው።

ክርክሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነበር። በመንገድ መታጠፊያ ላይ ያለ ሰው ቤቱ በሁለት በኩል መንገድ ይነካዋል፤ እጥፍ ይክፈል? የግቢው ፊት ሰፊ የሆነ ባለቤት በሜትር ይክፈል ወይስ እንደ ሁሉም በቤት? ዋናው ፈተና ደግሞ የቀበሌ ቤት ተከራይ ነው። "ቤቱ የመንግሥት ነው፤ የመንግሥትን ቤት ደጅ እኔ ለምን አነጥፋለሁ?" ይላል፣ እውነትም አለው። ጎረቤቱም "አቧራው ግን የምትተነፍሰው አንተ ነህ" ይለዋል፤ እሱም እውነት አለው። አንዲት ከበሯ ላይ እንጀራ እየሸጠች የምትኖር ሴት ድርሻዋን በወር በወር ቆራርጣ ስትከፍል፣ ሱቅ ያለው ሰው ደግሞ "ነገ" ሲል፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ በመካከል ሆኖ የሚያደርገው ነገር በየትኛውም መመሪያ ላይ አልተጻፈም። እድር ያሳደገው ሰው ብቻ ይችለዋል።

እንከኑን ልሸፋፍን አልፈልግም። መዋጮ የሚከፍለው መክፈል የሚችል ሰፈር ነውና ድንጋዩ ቶሎ የደረሰው ቀድሞም ሻል ያለ ኑሮ ወዳለበት ነው። አቅም የሌለው ሰፈር አቧራውን እንደያዘ ተራ ይጠብቃል። መንግሥት የማሟያ ገንዘብ የሚሰጠው ለከፈለ ብቻ ከሆነ፣ በየዋህነት የተጀመረው ነገር ባለ ገንዘብን የሚያስቀድም ይሆናል። ይህን ማስተካከል የነዋሪው ሳይሆን የምክር ቤቱ ሥራ ነው፦ ለደሃው ሰፈር የመንግሥት ድርሻ ከፍ፣ ለሌላው ዝቅ ማለት አለበት። ደቻቱ ዳር ያሉ ሰፈሮች ጎርፉን በእኩል መዋጮ አልተቀበሉትም።

ያም ሆኖ አንድ ነገር በዓይኔ ያየሁት ነው። ነዋሪው የከፈለበት መንገድ ላይ ድንጋይ ከተነቀለ በማግስቱ ሰው ይጮኻል። የውኃ ቧንቧ ሊቀብር መጥቶ ቆፍሮ የሄደ ሠራተኛ ድንጋዩን ካልመለሰ አዛውንት በር ላይ ወጥተው ያስቆሙታል። በአስፋልቱ ዳር ግን ጉድጓዱ ዓመት ይሞላዋል፣ "የመንግሥት ነው" ይባልና ይታለፋል። ዋጋውን ያወቀ ሰው ይጠብቃል።

ኳሱ የዚህ ተቃራኒ ነው። ድሬዳዋ ከተማ እግር ኳስ ክለብ፣ እንደ አብዛኞቹ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦቻችን፣ የሚተዳደረው በሕዝብ በጀት ነው። የጥጥ ፋብሪካው ቡድን ዘመን ላይ ደሞዙ ከፋብሪካው ትርፍ ነበር፤ አሁን ከሕዝብ በጀት ነው። በ2011 ክረምት ክለቦቹና ፌዴሬሽኑ የተጫዋች ወርሃዊ ደሞዝ ጣሪያ 50,000 ብር እንዲሆን የተስማሙት ለዚሁ ነበር፦ ከተሞች እርስ በርሳቸው በሕዝብ ገንዘብ ተጫዋች ሲጫረቱ ዋጋው ሰማይ ወጣ። የድሬ ልጅ ኳስ ይወዳል፤ እኔም እወዳለሁ፤ በ2013 የሊጉ ጨዋታዎች በተራ ወደ ድሬ ስታዲየም ሲመጡ ከተማው ነፍስ ዘርቶ ነበር። ነገር ግን በደቻቱ አሸዋ ላይ ባዶ እግሩን የሚራገጠው ልጅ ከዚያ በጀት ምን ይደርሰዋል? አንድ ከሌላ ከተማ የመጣ አጥቂ በዓመት የሚወስደው ደሞዝ ስንት የሰፈር ሜዳ እንደሚያስጠርግ፣ ስንት መረብና ስንት ኳስ እንደሚገዛ ምክር ቤቱ ፊት ጎን ለጎን ተጽፎ ቢቀርብ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

የባህሉ ነገር ከሁሉም የተወሳሰበ ነው። ከከዚራ መሀል ያለው አሮጌው ባቡር ጣቢያ የከተማዋ እናት ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቀረ፤ በመስከረም 2009 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያውን ከከተማው አርቆ ሠራ። አሮጌው ግቢ ውስጥ ወርክሾፑ ከነፈረንሳይ ማሽኖቹ፣ ቆመው የቀሩ ፉርጎዎች፣ ሠራተኛ የነበሩና ፈረንሳይኛውን እንደ አፍ መፍቻ የሚያንበለብሉ አዛውንት አሉ። ግቢው ግን የምክር ቤቱ ንብረት አይደለም፤ የምድር ባቡሩ ነው። ምክር ቤቱ ፊት ለፊት ያለውን አደባባይ ሊያሳምር፣ አበባ ሊተክል፣ መብራት ሊያበራ ይችላል። ቁልፉ ግን ሌላ ቤት ነው። ከተማዋን የወለደችው ቤት በከተማዋ ምክር ቤት አትወሰንም።

ዋሻዎቹም አሉ። ለጋ ኦዳና ጎዳ አጃዋ በድንጋይ ላይ ሥዕል የታወቁ ናቸው። ፖርክ ኤፒክን ደግሞ በ1921 ዓ.ም. ፈረንሳዮቹ ሄንሪ ደ ሞንፍሬድና ቴያር ደ ሻርዳን አገኙት፤ ተመራማሪዎች ከዚያ ዋሻ ከ4,000 በላይ የቀለም አፈር ቁርጥራጮች አውጥተዋል። ከአሥር ሺዎች ዓመታት በፊት ሰዎች ለቀለም የፈጩት ነው። ይህን የሚጠብቀው ምንድን ነው? አጥር፣ መንገድና የአንድ ዘበኛ ደሞዝ። የባህል በጀት ሲመደብ ግን ፌስቲቫል ይቀድማል፤ ፌስቲቫል ፎቶ አለው፣ የዋሻ ዘበኛ ፎቶ የለውም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ አላልፍም፤ ዘበኛው ይቅደም።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማት መጥቷል። ድሬም እንደ ሌሎቹ ከተሞች መንገድ ዳሯ እየታረሰ፣ የእግረኛ መንገዷ እየሰፋ ነው። ስፋቱን አልጠላሁትም፤ በድሬ ፀሐይ የሚሄድ እግረኛ ክብር ያስፈልገዋል። ግን አንድ የከዚራ ዛፍ ጥላ ለመስጠት የሰው ዕድሜ ይፈጅበታል፣ የቆረጠው መጋዝ ግን ዐሥር ደቂቃ። የትኛው ዛፍ እንደሚቆረጥ ከመቆረጡ በፊት ለሰፈሩ ቢነገር ፕሮጀክቱ አይዘገይም፤ ቢዘገይም አይጎዳም።

ከመንገር አልፎ ማስወሰንም ይቻላል፦ በብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ ከተማ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነዋሪዎች በየሰፈራቸው ተሰብስበው የከተማውን የልማት በጀት ቅደም ተከተል ራሳቸው ይመርጡ ነበር። እኛ ዘንድ ለዚህ የሚያስፈልገው ልምድ አለ፤ የኮብልስቶን ኮሚቴ፣ እድርና አፎቻ በየጊዜው የሚያደርጉት ነው። የጎደለው መረጃው ነው። ከ1998 ጀምሮ በመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ሥር ወረዳዎችና ቀበሌዎች በጀታቸውን በቀላል ሠንጠረዥ ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፉ ተጀምሮ ነበር፤ ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል፣ ለመንገድ ይህን ያህል ተብሎ ማንም ማንበብ በሚችለው ቋንቋ። ሰሌዳው በአንዳንዱ ቀበሌ ዛሬም አለ፤ በአንዳንዱ የተለጠፈው ወረቀት የሦስት ዓመት ነው፣ ፀሐይ አንጥቶታል።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ምክር ቤቱም በዚያው ሰሞን ተሰብስቦ እጅ ያወጣል። ስለዚህ እንደ ድሬ ሰው "አንተ" ልበልህ፣ አቦ፦ በሰኔ መጨረሻ ወደ ቀበሌህ ሂድና ሰሌዳው ላይ የዘንድሮው ቁጥር መኖሩን እይ። ከሌለ ጠይቅ። ከኖረ ደግሞ የሰፈርህን ድንጋይ፣ የልጆቹን ሜዳና የዋሻውን ዘበኛ ስም ፈልግበት፤ ካላገኘኸው የመረጥከውን የምክር ቤት አባል እጁን ከማውጣቱ በፊት አግኘው።